ሙሉ ነው የሚለው መርፌ

ያ የቤንዚን ጌጅ መቶ ሰባ ሦስት ሌጦና ዘጠኝ ቀን አስከፍሎኛል። ሌጦውንም ቀኑንም ቆጥሬዋለሁ። ያልቆጠርኩት ንዴቴን ብቻ ነው፤ እሱ በኩንታል የሚጫን ቢሆን ኖሮ መኪናዬ አትችለውም ነበር።

መኪናዬ ግራጫ ፒካፕ ነበረች፤ ከእኔ በፊት ሦስት ባለቤት አድክማለች። የቀኝ በሯ በገመድ ይታሰራል፤ ጥሩምባዋ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይጮኻል። ሾፌሯም ጫኟም ባለቤቷም እኔው ነበርኩ። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ ላይ ሌጦ እየሰበሰብኩ ጎንደር ላለ ትልቅ ነጋዴ አስረክብ ነበር። ሌጦ የበግና የፍየል ቆዳ ነው። ንግዱ ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋና በፋሲካ ማግስት ብድግ ይላል፤ ሁለት ወር የጾመ አገር በአንድ ጠዋት ሲያርድ በየአጥሩ ላይ ቆዳ ይሰቀላል። በዚያን ሳምንት የሮጠ ዓመቱን ይበላል፤ የተኛ ዓመቱን ሙሉ ሲያዛጋ ይኖራል።

ሌጦ ደግሞ እንደ ገብስ ጎተራ ከተውት ዋጋ የሚጠብቁበት ዕቃ አይደለም። ጨው ካልጠገበ በሳምንቱ ጠጉሩ መልቀቅ ይጀምራል። የጎንደሩ ነጋዴ መነጽርም ሚዛንም አያስፈልገውም፤ ጠጉሩን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይስባል። ከጸና ብር ይቆጥራል። ተነቅሎ ከመጣለት ሌጦውን በእግሩ ገፋ አድርጎ የሚቀጥለውን ይጠራል። ያን ዓመት ጨው ጠፍቶ ስለነበር ያለችኝን ከፋፍዬ ግማሹን ሌጦ አሸሁበት፤ ግማሹን ጥላ ውስጥ ወጥሬ ለነፋስ ሰጠሁት። ከከተማው፣ ከዳባት ገበያ፣ ከአምባራስ በበቅሎ ካስመጣሁት ጋር እስከ ረቡዕ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሌጦ እጄ ገባ። ሐሙስ ጭኜ ያኑ ዕለት ጎንደር ብገባ ሁሉም ደህና ነበር።

ችግሩ ቤንዚን ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበር። ኩፖኑ ደባርቅ ይሰጣል፤ ቤንዚኑ ዳባት ይቀዳል። ቤንዚን ለመቅዳት መጀመሪያ ቤንዚን ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህን ያወጣው ሰው እግረኛ ሳይሆን አይቀርም። የእኔ ታንክ ዳባት ድረስ እንኳ የሚያደርሰው ለጥቂት ነበር። እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ በዘንግ ነው። ቀጭን የወይራ ዘንግ አለችኝ፤ አምስት ቦታ በቢላ ምልክት አድርጌባታለሁ፤ በመቅጃው አፍ ሰድጄ አወጣና እርጥበቱ የት እንደደረሰ አያለሁ። ጌጁማ ከገና ጀምሮ መርፌው ሙሉ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ተራራ ብወጣ፣ ቁልቁል ብወርድ፣ ቤንዚን አልቆ መንገድ ላይ ብቆም፣ እሱ ሙሉ ነው። አላስጨነቀኝም። እንደ ዘንጌ የማምነው ሰው እንኳ የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት ኩፖን ልወስድ ስሄድ ግን አዲስ መመሪያ መጥቶ ጠበቀኝ። ባለመኪኖች ታንካቸው ሙሉ ሆኖ ኩፖን እየወሰዱ ቤንዚኑን በጎን ይሸጣሉ ተብሏል። ውሸት አይደለም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሸጫለሁ። ስለዚህ ኩፖን ሰጪው ከቢሮው ወጥቶ ጌጁን በዓይኑ እንዲያይ፣ መርፌው ከግማሽ በላይ ካሳየ ኩፖን እንዳይሰጥ ታዘዘ። ኩፖን ሰጪው ገና ጺሙ ያልሞላ ወጣት ነው፤ ካኪ ልብሱን በአንገት የሚቆልፍ፣ እስክሪብቶውን እንዳይሰረቅ በክር ኪሱ ላይ ያሰረ። መዝገቡን ታቅፎ ወጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ጓድ፣ ሙሉ ነው» አለኝ። ጓድ ከተባለ በኋላ አንቱታ የሚባል ነገር አይከተልም፤ በዕድሜ አባቱ ባልሆንም ታላቁ እሆን ነበር።

«ጓድ፣ ተበላሽቶ ነው» አልኩት።

«ሙሉ እያለ ነው የተበላሸው?»

«ከገና ወዲህ ሙሉ ነው የሚለው። ባዶም ሆኖ ሙሉ ነው የሚለው።»

መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በስሜ ላይ አስኬደና ቀና አለ። «ከገና ወዲህ ሦስት ጊዜ ኩፖን ወስደሃል። ሦስቱንም ሙሉ ታንክ ላይ ነዋ።»

ዘንጌን አወጣሁ። በፊቱ ታንኩ ውስጥ ሰድጄ ጫፏ ብቻ ርሳ ስትወጣ አሳየሁት። በአክብሮት አያት፤ እንዲያውም ያዝ አድርጎ ምልክቶቹን ቆጠረ። ከዚያ መመሪያው ስለ ዘንግ የሚለው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። የሥጋ ነገር አነሳሁበት፤ ፋሲካ ነው፣ ቤት ታርዷል፣ አንድ ታፋ ቢላክልህ ምን ይልሃል ዓይነት። ታፋው በመዝገብ ገቢ ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ ክበብ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። ጉቦ የማይበላ ሰው የገጠመው ነጋዴ ሕጉን አንብቦ መኖር ሊኖርበት ነው፤ ይህ ደግሞ እጅግ አድካሚ ነው።

በሌላ መኪና ልጫን ብዬ ዞርኩ። የጭነት መኪናዎቹ ሁሉ ለዘመቻ ስንቅ ተወስደዋል። በጎን ቤንዚን ልግዛ ብዬ ጠየቅሁ። የጎን ቤንዚን የሚሸጡት እንደ እኔ ያሉት ነበሩ፤ እነሱም እንደ እኔ ደርቀዋል።

ዓርብ ጠዋት ብልጠቴ መጣብኝ። ካቻቢቴ ይዤ ከመሪው ሥር ተጋደምኩና ከጌጁ ጀርባ የምትገባዋን አንዷን ሽቦ ነቀልኳት። መርፌው እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ ባዶ ላይ ወደቀ። ከገና ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም። ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ቢሮው ነዳሁ።

ልጁ ወጣ፣ አንገቱን አስገባ፣ መርፌውን አየ፣ መዝገቡን ገለጠ።

«ትናንት ሙሉ፤ ዛሬ ባዶ» አለ። «መኪናዋ ከከተማ አልወጣችም። ጓድ፣ ስልሳ ሊትሩን ለማን ሸጥከው?»

እውነቱን ብትናገር አታለልኩህ ማለት ነው፤ ብትዋሽ ደግሞ ስልሳ ሊትር ሸጥኩ ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም ጀምሬ ሁለቱንም አልጨረስኩም። ልጁ ጽፎ ሲያበቃ ሁለት መንገድ ሰጠኝ። ወይ ጉዳዩ ወደ በላይ ይሄዳል፤ ወይ ጌጁን አስጠግኜ፣ አሥር ሊትር በጄሪካን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ ፊት ይጨመራል፣ መርፌውም በአሥር ሊትር ልክ ይነሳል። ተነስቶ ካየ የትናንቱንም የዛሬውንም ይሰርዝልኛል፣ ኩፖኑንም ይሰጠኛል። እስከዚያ ጠብታ የለም። ልጁን ልጠላው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔ የባሰ አደርግ ነበር።

ወደ ሊማሊሞ በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። እስላም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በጭነት መኪና ሥር ተኝተው ያሳለፉ፣ የመኪናን ዕቃ ሁሉ በጣሊያንኛ ስሙ የሚጠሩ፣ ከሰው ጋር ሲሆን ግን ቃል የሚቆጥቡ። ዓርብ ስለዘጉ ቅዳሜ በጠዋት ሄድኩባቸው። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ስለ ልጁ ሳወራ ብቻ ትንሽ ፈገግ አሉ።

የነቀልኳትን ሽቦ ጫፍ ያዙና የመኪናውን ብረት ነካ አደረጓት። መርፌው ሽቅብ ሄዶ ሙሉ ላይ ቆመ። ለቀቋት፤ ወደቀ። ነካ፤ ሙሉ። ለቀቅ፤ ባዶ።

«ጌጅህ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «የነገሩትን ነው የሚናገር። ውሸቱ ከሚነግረው ዘንድ ነው።»

አስረዱኝ። ታንኩ ውስጥ፣ እሳቸው ሰልባትዮ ይሉታል፣ በክንድ ላይ የተሰካች ተንሳፋፊ አለች፤ ቤንዚኑ ሲወርድ ትወርዳለች፣ ሲወጣ ትወጣለች። ወሬው በታንኩ አናት ላይ ባለች አንዲት ብሎን በኩል ወጥቶ በሽቦው ወደ ጌጁ ይሄዳል። ያቺ ብሎን ወይም ሽቦዋ ከብረት ጋር ከተነካካች ጌጁ ሙሉ ነው ይላል፤ ታንኩ ደረቅም ይሁን። የሚፈለገው የት እንደተነካካ ማግኘት ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ዕቃ በሚጫንበት በካሶኒው ወለል ላይ፣ ልክ ከብሎኗ በላይ፣ መዳፍ የምታህል ክዳን ነበረች፤ ክዳኗን አንስቶ ከላይ ማየት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

«ወለሉን ላንሳው» አሉና መዶሻቸውን አነሱ።

«አይ ጋሼ፣ ወለሉ ይቅር» አልኳቸው። «ከታች ቢታይ ይሻላል።»

ለምን ይቅር እንዳልኩ ልናገር። በዚያ ዘመን ቡና እንደ ጥይት ነበር። ኬላው ላይ ከተፈቀደው በላይ ቡና የተገኘበት ሰው ቡናውን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ያጣል፤ እሱም ወደማይነገር ቦታ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሌጦ ጎንደር አድርሼ ባዶ መመለስ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ በገና ሰሞን፣ ከነባሩ የእንጨት ወለል በላይ አራት ጣት ከፍ አድርጌ ሌላ ወለል ሠራሁበት። በሁለቱ መሀል ሃምሳ ኪሎ ጥሬ ቡና ተነጥፎ ይተኛል። ቡናው እንዳይረጥብ ከሥሩ ቆርቆሮ አነጠፍኩ። አናጢ አላስገባሁም፤ አናጢ ሚስት አለው፣ ሚስቱ ጎረቤት አላት። ምስማሩን ሁሉ በገዛ እጄ መታሁት። ያን ሰሞን ወለሉ ባዶ ነበር፤ ግን ድርብ ወለል ባዶም ቢሆን ለምን እንደተሠራ ራሱ ይናገራል።

መካኒኩ መዶሻውን መልሰው አስቀመጡ። «ከታች ከሆነ ሰልባትዮው ሊወርድ ነው» አሉ። «ብሎኖቹ ዝገት በልቷቸዋል። ላምባ ጠጥተው ማደር አለባቸው።»

«ይሁን።»

«ከላይ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።»

«ይሁን፣ ከታች ይሁን።»

ትንሽ ረዘም አድርገው አዩኝ፤ ከዚያ ላምባ ሊያመጡ ገቡ። ብሎኖቹ ቅዳሜና እሑድን ላምባ ሲጠጡ ዋሉ። እኔና ሚስቴ እሑድን ሌጦ ስናገላብጥ ዋልን። ጨው ያልደረሳቸው ጠርዛቸው መለስለስ ጀምሯል፤ ሚስቴ እያሸተተች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትለያቸዋለች፤ በስተግራ ያለው ክምር እያደገ ሄደ። እኔ ወደዚያ ላለማየት በስተቀኝ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ታንኩ ወረደ። አንዱ ብሎን ተሰብሮ፣ ክንዴ ተገጥቦ፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ። መካኒኩ ከሥር ገብተው አናቱን በጨርቅ ጠረጉ፤ ወደ ላይም ቀና ብለው ትንሽ ቆዩ፤ ወጡ። ታንኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሽቦዋን አሰሩና ተንሳፋፊዋን ክንድ በጣታቸው አነሱ። እኔ ከመሪው ፊት ሆኜ ጌጁን አያለሁ። ክንዷ ስትነሳ መርፌው ይነሳል፤ ስትወርድ ይወርዳል። ግማሽ፣ ሩብ፣ ባዶ፣ ሁሉንም እንደ ታዛዥ ወታደር ያሳያል።

«ድኗል» ብዬ ጮኽኩ።

መለሱት። በክሪክ አንስተው አሰሩት። መርፌው ሄዶ ሙሉ ላይ ተሰቀለ።

ማክሰኞ እንደገና አወረዱት። ብሎኗን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ሽቦዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ፣ የላላ ብሎን ሁሉ አጠበቁ። መሬት ላይ፣ ይሠራል። ቦታው ሲመለስ፣ ሙሉ። ያን ጊዜ እኔ ከካሶኒው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ንዴት ቁጭ አርጎኛል። እሳቸው ከሥር ክሪኩን ያዞራሉ፣ ታንኩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ በመጨረሻዋ ዙር ላይ ከተቀመጥኩበት ሥር አንዲት ድምፅ ሰማሁ። ጧ። ቆርቆሮ ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ።

ወዲያው ገባኝ። ገና ሰሞን ያቺ መዳፍ የምታህል ክዳን ብቅ ብላ ቆርቆሮዬ አልዘረጋም ብሎኝ ነበር፤ ነቅዬ ወርውሬያታለሁ። ቀዳዳዋ በቆርቆሮው ተሸፈነ። ከዚያ ሃምሳ ኪሎ ቡና ሲጫንበት ቆርቆሮው በቀዳዳዋ በኩል ወደ ታች አበጠና ሄዶ ብሎኗ ላይ ተቀመጠ። ብሎኗ ቆርቆሮውን ትነካለች፣ ቆርቆሮው የመኪናውን ብረት ይነካል፣ ጌጁም ሁልጊዜ ሙሉ ነው ይላል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መካኒኩ ታንኩን ባወረዱት ቁጥር ከቆርቆሮው እያራቁት ነበር የሚሠራው።

አሁን ምን ይባላል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብሎኗ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ፣ ቁራጭ ጎማ ቆርጦ ማልበስ። ግን ለምን ጎማ ሲባል፣ ከላይ ቆርቆሮ ስላለ። ቆርቆሮው ለምን ሲባል፣ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠፋው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝምታው አልነቀዘም፤ ሌጦው ነው የነቀዘው።

ረቡዕ ሦስተኛ ጊዜ አወረዱት። እኔ ሌሊቱን ያሰብኩትን ብልሃት ይዤ መጣሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው እንደ ዋዛ፣ «ከታንኩ አናት ላይ ጎማ ቢጤ ብናደርግበትስ?»

ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «ለምን ሲባል?»

«እንዲያው… እንዳይንቀጠቀጥ።»

«ለመንቀጥቀጥ ነው?»

«ለመንቀጥቀጥ።»

ጎማ ቆርጠው አመጡና ታንኩን ከሚያቅፈው የብረት ቀበቶ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ አሳምረው አደረጉልኝ። ከብሎኗ ሁለት ስንዝር ይርቃል። ታንኩ ተመለሰ፤ አይንቀጠቀጥም። መርፌውም ሙሉ ላይ፣ አይንቀጠቀጥም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ከመንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ረገጥኩና ጫማዬን ቀደድኩት፤ ድንጋዩ ምንም አላደረገኝም ነበር።

ሐሙስ በጠዋት፣ አራተኛ ጊዜ ታንኩ መሬት ላይ እያለ፣ ሚስቴ ወደ ጋራዡ መጣች። ከዚያ በፊት እግሯን አንስታ አታውቅም። አንድ ሌጦ በክንዷ ይዛለች። መካኒኩን በአክብሮት ሰላም አለቻቸውና ወደ እኔ ዞረች፤ ሌጦውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ጠጉሩን ሳብ አደረገች። መዳፏን ሞልቶ መጣ።

«ይህ ከደህናው ክምር ነው» አለችኝ። «ሌላውን አላመጣሁትም፤ መንገድ ላይ ያስነውረኛል። ዛሬ ካልተናገርክ ነገ እኔ መጥቼ እናገራለሁ።»

ሌጦውን ኮፈኑ ላይ ጥላ ሄደች። መካኒኩ የታንኩን ብሎን የሚያዩ መስለው አጎንብሰዋል።

«ጋሼ» አልኩ። «ከወለሉ ቀዳዳ ላይ ቆርቆሮ አለ። ብሎኗን የሚነካት እሱ ነው።»

«አየሁት» አሉ።

«መቼ አዩት?»

«ሰኞ። ገና እንዳወረድኩት።»

አራት ቀን ቆጠርኩ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ቀና አሉና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አንተ ምነው ዝም አልከኝ? እኔ ያላሳየኸኝን ካየሁ ምስክር ነኝ። ነገ አንድ ነገር ቢመጣብህ፣ ማን ነው የፈታው፣ ማን ነው ያየው ይባላል። ቁርአን አስይዘው ይጠይቁኛል። በሐሰት አልምልም፤ በእውነት ምዬም የልጆችህን እንጀራ አልወስድም። ስለዚህ አላየሁም። አሁን ግን ባለቤቱ ቆርቆሮ አለ ብሎኛል። ወለሉ ቢበሰብስበት የለበጠው ነው እላለሁ። ቆርቆሮ ወንጀል አይደለም። ለምን እንዳለበስከው አልጠየቅሁህም፤ እንዳትነግረኝ።»

«ረቡዕ ጎማ ስልዎትስ?»

«ልትናገር ደርሰህ ነበር። ለምን ሲባል ብዬ ጠየቅሁህ። ለመንቀጥቀጥ አልከኝ።» ወደ መሣሪያ ሳጥናቸው ዞሩ። «ምን ላድርግህ? ለመንቀጥቀጥ አደረግሁልህ።»

ከአሮጌ ከመነዳሪ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆረጡ፤ መሀሏን በትንሹ ሰንጥቀው ሽቦዋን አሳለፉባትና ብሎኗን አለበሷት። ታንኩ ሲመለስ ቆርቆሮው ጧ አለ። መርፌው አልተንቀሳቀሰም፤ ባዶ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከገና ወዲህ ያለ ሽቦ ነቀላ እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የአራት ቀኑን ሁሉ አስከፈሉኝ። አልተከራከርኩም። ልወጣ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰኞ ዕለት የታንኩ አናት ላይ ሦስት ፍሬ ነገር እንደነበረና በጨርቅ ጠርገው እንደጣሉት ነገሩኝ። ምን ፍሬ እንደሆነ እንዳላዩም ጨመሩ።

ዓርብ ጠዋት ከአንድ ከማውቀው ሾፌር በእጥፍ ዋጋ የገዛሁትን አሥር ሊትር ይዤ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። ልጁ ጄሪካኑን ራሱ አነሳ፤ አሽቶ ውኃ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ቀስ እያለ ጨመረው። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ጠበቀ። መርፌው ትንሽ አመነታ፣ ተነሳ፣ ከሩብ ዝቅ ብሎ ቆመ።

«ሠርቷል» አለ። ደስ ያለው ይመስላል። «ምኑ ነበር?»

«ጎማ ጎድሎት ነው» አልኩት።

እሱንም ጻፈው። ያለፈውን ሳምንት የሐሙስና የዓርብ መስመር በማስመሪያ አስደግፎ ሰረዘ፣ ኩፖኑን ቀደደልኝ፣ ጓድ፣ መልካም ጉዞ አለኝ። ዳባት ቀዳሁ። አምባ ጊዮርጊስን ሳልፍ ሌጦው መሽተቱን በመስኮቱ አወቅሁ፤ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ እኔንም ያጥነኝ ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች እንድጭናቸው እጃቸውን አንስተው፣ መኪናዋ ስትጠጋ መልሰው አወረዱት። ጎንደር ስገባ መሽቶ ስለነበር በነጋታው ተራገፈ።

ነጋዴው እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ሳበ። የመጀመሪያዎቹ ጨው የቀመሱት ነበሩ፤ ጸኑ። ተስፋ ቢጤ ያዘኝ። ከዚያ ጥላ ውስጥ የደረቁት መጡ። ሳበ፤ መጣለት። ሳበ፤ መጣለት። እግሩ ሥር ያለው ክምር ከፍ ሲልበት በርጩማውን ወደ ኋላ ስቦ ቀጠለ።

«ምነው፣ ሁልጊዜ በበዓሉ በአምስተኛው ቀን ነበር የምትመጣ» አለኝ ዓይኑን ከጠጉሩ ሳያነሳ። «ዘንድሮ ምን ገጠመህ?»

ቤንዚን አጥቼ ነው አልኩት። ሁሉም አጥቷል አለና ሌላውን ሳበ።

መቶ ሃምሳው በደህና ዋጋ ሄደ። ሰማንያ ዘጠኙን በግማሽ ወሰደልኝ። የቀረውን መቶ ሰባ ሦስት አንስቼ ከከተማ ውጭ ገደል ከተትኩት፤ እሱንም ለሚያራግፍ ሰው ከፍዬ።

ለሌጦው፣ ለጨው፣ ለበቅሎ፣ ለቤንዚን፣ ለመካኒኩና ለአራጋፊው የወጣ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ብር። ከነጋዴው የገባ ስምንት መቶ ሃምሳ ሦስት ብር። ኪሳራ መቶ ሃያ አንድ ብር።